የ16 ጨረር የመርከበኛ ኮምፓስ ብሎክ፦ መሐሉ ጉብ አለብኝ፣ ዙሪያውም ከመደቡ ቀዳዳ ጋር አልገጥም አለ

ሰማያዊ ክር

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የያዝኩት አንድ ብሎክ (ከቁራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሠራ ሥራ አንዱ ክፍል) ስላስቸገረኝ፣ በወረቀት ላይ መስፋትን (ጨርቁን ንድፍ በታተመበት ወረቀት ላይ መስመሩን ተከትሎ ሰፍቶ በመጨረሻ ወረቀቱን ማንሣትን) ከእኔ በተሻለ የምታውቁ ሰዎች ችግሩን አብራችሁኝ እንድትመረምሩልኝ ነው የምጽፈው።

ብሎኩ 16 ጨረሮች ያሉት የመርከበኛ ኮምፓስ ሲሆን የክቡ ዲያሜትር 30 ሳንቲሜትር ነው። ንድፉ ክቡን እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ በሆኑ ስምንት ሽብልቆች ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ ሽብልቅ ውስጥ አምስት ቁራጭ ጨርቅ አለ፤ መካከል ላይ ትንሹ ጨረር፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት የመደብ ቁራጮች፣ ከዚያ በአንደኛው ጠርዝ የትልቁ ጨረር ግማሽ፣ በሌላኛው ጠርዝ ደግሞ የመካከለኛው ጨረር ግማሽ ይገባል። በጠቅላላው 40 ቁራጭ ማለት ነው። ትልልቆቹን ጨረሮች በአንድ ወገን ደማቅ፣ በሌላው ወገን ፈዛዛ ሰማያዊ አድርጌያቸዋለሁ፤ ይህ ጨረሩን ከጨርቁ ላይ ብድግ ያለ ስለሚያስመስለው ነው ንድፉን የወደድኩት።

የመኪናውን ስፌት ርዝመት ወደ 1.5 ሚሊሜትር አሳጥሬ፣ 90 ቁጥር መርፌ አስገብቼ ነው የሰፋሁት። ሽብልቆቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ጥሩ ነበሩ፤ የየጨረሩ ጫፍ እንደ መርፌ ቀጥኖ ወጥቷል። ችግሩ የመጣው ስምንቱን ሳጋጥም ነው። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው መሐሉ 2 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በካውያ ብጫነውም ካውያውን ሳነሣ ተመልሶ ይነሣል። የክቡ ዙሪያ ደግሞ መደቡ (ክቡ የሚገባበት ጨርቅ) ላይ በንድፉ ልክ ከቆረጥኩት ቀዳዳ ዙሪያ በ2.3 ሳንቲሜትር ያህል አንሷል። ሁለት ጊዜ ተርትሬ ሰፋሁት፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ከዚህ በላይ ብተረትረው ጨርቁ ራሱ እየተበላ ነው። ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

የሰፈፍ ቤት

እህቴ፣ ሌላ ነገር ሁሉ ከመታሰቡ በፊት ፕሪንተሩን መጠርጠር ይገባል። ንድፉ ላይ የመፈተኛ ካሬ መኖር አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኢንች፣ ማለትም የ2.54 ሳንቲሜትር ካሬ ነው። በማስመሪያ ይለኩትና ይንገሩን። ብዙ ፕሪንተሮች «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ምርጫ በርቶ ከቆየ ሥዕሉን ሳይናገሩ ትንሽ ያሳንሱታል። ሁሉም ሽብልቅ እኩል ስለሚያንስ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ስሕተቱ የሚታየው ከንድፉ ውጭ በማስመሪያ ከተቆረጠ ነገር ጋር ሲጋጠሙ ብቻ ነው። የእርስዎ መደብ ደግሞ የተቆረጠው በማስመሪያ ይመስለኛል።

ድርና ማግ

እኔ የምጠይቀው ወረቀቱ መቼ እንደተነሣ ነው።

በወረቀት ላይ ስንሰፋ የጨርቁን አቅጣጫ እንደፈለግን ለማድረግ ነጻነት እናገኛለን፤ ወረቀቱ ይይዝልናልና። ይህ ነጻነት ግን ወረቀቱ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው። እንዲህ ባለ ክብ ብሎክ ውስጥ ከሽብልቆቹ ረጃጅም ጠርዞች ብዙዎቹ ከጨርቁ ድርም ከማጉም ጋር አይሄዱም፤ በሰያፍ ነው የሚያልፉት። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ በጣት ሲሳብ ይለጠጣል፣ በካውያ ሲገፋም ይለጠጣል፣ በመኪናው እግር ሥር ሲያልፍ ሳይቀር ይለጠጣል። ወረቀቱ ከመገጣጠሙ በፊት ከተነሣ ስምንት ሽብልቆች ስምንት የተለያየ ርዝመት ይኖራቸዋል። እኔ ወረቀቱን የማነሣው ብሎኩ በአራቱም ወገን ከሌላ ጨርቅ ጋር ከተሰፋ በኋላ ነው፤ ለጀማሪም ለልምድ ባለቤትም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የተጠየቀው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሰማያዊ ክር

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካሬውን ለካሁት፤ 2.5 ሳንቲሜትር ነው። አራት አሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ስለጎደለው መጀመሪያ ላይ ልክ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ አዎን፣ ሽብልቆቹን ከማጋጠሜ በፊት ነው ሁሉንም ያነሣሁት። ወረቀት ያለባቸው ሁለት ሽብልቆች ሲደራረቡ ወፍራምና ደረቅ ሆነው ከመኪናው እግር ሥር እየተንሸራተቱ ስላስቸገሩኝ ነው። ከዚያ በኋላ የስፌቱን ትርፍ (ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚቀረውን ጨርቅ) የጠበቅሁት በመኪናው እግር ጠርዝ ነው።

ስምንት ማዕዘን

ከላይ የተሰጡትን ሁለት ምክንያቶች በቁጥር ለመፈተሽ ሞከርኩ፤ ውጤቱ አስገራሚ ስለሆነ በዝርዝር ላስቀምጠው።

በመጀመሪያ ስለ ፕሪንተሩ። 2.5ን ለ2.54 ስናካፍል 98.4 በመቶ ይመጣል። ራዲየሱ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ዙሪያው 94.2 ሳንቲሜትር ነው። በ98.4 በመቶ ሲታተም ግን ዙሪያው ወደ 92.8 ይወርዳል፤ 1.5 ሳንቲሜትር ያህል ጠፋ ማለት ነው። ትንሽ ካሬ ላይ የማይታየው ጉድለት በዙሪያው ሲባዛ ይህን ያህል ይሆናል። ስለዚህ የሰፈፍ ቤት ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ የተጠየቀውን ግማሽ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ምክንያቱም እኩል ያነሰ ክብ፣ ያነሰም ቢሆን፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል እንጂ መሐሉ አይነሣም።

መሐሉ የሚነሣው የስምንቱ ማዕዘኖች ድምር ከ360 ዲግሪ ሲያንስ ነው። ከክብ ወረቀት ላይ ቀጭን ሽብልቅ ቆርጣችሁ አውጡና የተቆረጡትን ጠርዞች አገናኙ፤ ወረቀቱ ሾጣጣ ይሆናል። ድምሩ ከ360 ሲበልጥ ደግሞ መሐሉ ይተኛና ዳሩ ይሸበሸባል። ድርና ማግ የገለጹት በሰያፍ የተለጠጠ ጠርዝ ዳሩን ያስረዝመዋል፤ ስለዚህ የሚያመጣው ሽብሽባት ነው እንጂ ጉብታ አይደለም። ምክራቸው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ብሎክ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ራዲየሱ 14.8 ገደማ የሆነ ክብ መሐሉ 2 ሳንቲሜትር ከፍ እንዲል ስንት ዲግሪ መጉደል አለበት? መልሱ 3 ዲግሪ ከትንሽ ነው። ከ360 ውስጥ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢጎድል እንኳ በዚህ ስፋት ባለ ክብ ላይ መሐሉ ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ይነሣል። 3 ዲግሪ ከትንሽ በዳሩ ላይ ሲለካ 8 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህንን ለስምንት ስፌት ስናካፍለው በአንድ ስፌት አንድ ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ሽብልቅ ጠርዝ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ። ሁለቱን ጉድለቶች ስንደምር፣ ከፕሪንተሩ 1.5 እና ከማዕዘኑ 0.85፣ እርስዎ የለኩት 2.3 ሳንቲሜትር በትክክል ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ግማሽ ሚሊሜትሩ ከመሐል እስከ ዳር እኩል የሄደ ቢሆን ኖሮ ጉብታ አይኖርም ነበር። መስመሩ ከዋናው መስመር ጋር ጎን ለጎን ከሄደ የሽብልቁ ማዕዘን 45 ዲግሪ እንደሆነ ይቀራል፤ ሽብልቁ ቀጠነ እንጂ ማዕዘኑ አልጠበበም። ያን ጊዜ የሚጎዳው መሐል ላይ የሚገናኙት ጫፎች ናቸው፤ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይቆረጣሉ። ጉብታ የሚመጣው ስፌቱ መሐል ላይ በልኩ ጀምሮ ወደ ዳር ሲሄድ ወደ ውስጥ እየገባ ከሄደ ነው። መሐል ላይ ስንሰፋ ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ የማንስተውን ጥንቃቄ እናደርጋለን፤ ወደ ዳር ስንደርስ ግን እጃችን ይፈታል። የታተመው መስመር ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ቀድሞ መነሣቱ ጉዳት ያደረሰው፣ በእኔ ግምት፣ ጨርቁን በማስለጠጥ ሳይሆን መስመሩን ይዞ በመሄዱ ነው።

ድርና ማግ

ስምንት ማዕዘን፣ ስለ ሽብሽባቱና ስለ ጉብታው የሰጡትን ልዩነት ተቀብያለሁ። ለዓመታት ሁለቱን አንድ በሽታ አድርጌ ነበር የማያቸው።

ጥሩ ወልዳ

ቁጥሩን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጉብታ ሁሉ ከማዕዘን አይመጣም። ስምንት ሽብልቅ መሐል ላይ ሲገናኝ ስምንት ስፌት፣ እያንዳንዱም ስፌት ሁለት ትርፍ ይዞ እዚያው ነጥብ ላይ ይከመራል። ትርፉ በዘፈቀደ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ከታጠፈ አዝራር የሚያህል ጠጣር ነገር ይፈጠራል። እኔ ከሠራኋቸው ኮምፓሶች መጀመሪያ ላይ የነበሩት ሁለቱ በዚህ ምክንያት ነው የተበላሹት።

ለመለየት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ብሎኩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መሐሉን በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ጉብታው ከመዳፍዎ ሥር ጠጥሮ ከተሰማዎትና ዳሩ ሳይንቀሳቀስ ከቀረ፣ ችግሩ የጨርቅ ክምር ነው። መሐሉ ሲተኛ በሌላ ቦታ እጥፋት ከተነሣና ያ እጥፋት እስከ ዳር ከሄደ ግን ስምንት ማዕዘን እንዳሉት የማዕዘን ጉድለት ነው።

ክምሩ መድኃኒት አለው። ሽብልቆቹን ስናጋጥም የስፌቱን ትርፍ ሁሉ ወደ አንድ የዙር አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ወደ ሰዓት ቆጣሪው አቅጣጫ፣ እናጥፈዋለን። የመጨረሻው ረጅም ስፌት ካለቀ በኋላ መሐል ላይ፣ በትርፉ ውስጥ ብቻ፣ ሁለት ወይም ሦስት ስፌት ቀስ ብለን እንተረትራለን። ያን ጊዜ ትርፎቹ እንደ ነፋስ መዘውር ክንፍ እየተከታተሉ ይተኛሉ፤ ከጀርባው ሲታይ ትንሽ ኮከብ ይሠራል። ይህ እንዲሆን መሐል ላይ ያለው ወረቀት፣ የጣት ጥፍር የሚያህለው ብቻ፣ አስቀድሞ መነሣት አለበት።

ደግሞም የመርከበኛ ኮምፓስ በመሐሉ ላይ ክብ ጨርቅ ተደርቦበት ሲሠራ የቆየ ንድፍ ነው። በእጅ የተሰፋ የ2.5 ሳንቲሜትር ክብ ብትደርቢበት ማንም ጉድለት አድርጎ አይቆጥረውም።

የሰፈፍ ቤት

በክቡ ጉዳይ ላይ አልስማማም። ንድፉ ክብ ካለው ይደረብ፤ ከሌለው ግን መደረቡ ጫፎቹን ብቻ ነው የሚሸፍነው። የ3 ዲግሪ ጉድለት ከክቡ ሥር ሆኖ ብሎኩን ማንሣቱን አይተውም።

ሰማያዊ ክር

ፈተናውን አደረግሁት። መሐሉን ስጫነው በመካከለኛው ጨረርና በትልቁ ጨረር መካከል እስከ ዳር የሚሄድ እጥፋት ተነሣ። ስለዚህ ጉድለቱ የማዕዘን ነው።

ከዚያ አራቱን ረጃጅም ስፌቶች ተርትሬ ብሎኩን ወደ አራት ሩብ መለስኩት። የመርፌው ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ስለሚታይ ስፌቱ የት እንዳለፈ በእርግጠኝነት ማየት ይቻላል። እያንዳንዱን ሩብ ከ90 ዲግሪ ማዕዘናዊ ማስመሪያ ጋር አስተያየሁት። መሐሉ በትክክል ይገጥማል፤ ዳሩ ላይ ግን በማስመሪያውና በቀዳዳው መስመር መካከል ክፍተት አለ፤ በሁለቱ ሩቦች 2 ሚሊሜትር፣ በሦስተኛው 3፣ በአራተኛው ደግሞ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 8.5 ሚሊሜትር ሆነ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ከስምንት ማዕዘን መልእክት ጋር ሳስተያየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨርቁን ነበር የምወቅሰው።

ጨርቁ ስለተጎዳ እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ችግር አለ። ከትንሹ ጨረር ግራና ቀኝ የሚገቡት የመደብ ቁራጮች ከሰፋሁ በኋላ ስገለብጣቸው ቦታቸውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍኑም። ከ16ቱ ሰባቱን ተርትሬያቸዋለሁ። ትልቅ አድርጌ ብቆርጥም አንዱ ጥግ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ በሌላው ጥግ ደግሞ ጨርቅ ይተርፋል።

ጥሩ ወልዳ

አንዱ ጥግ ሲጎድል ሌላው ከተረፈ፣ መጠኑ በቂ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተሳስቷል ማለት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጨርቁን የምናስቀምጠው ከመገልበጡ በፊት ነው፤ በዚያ ሰዓት ጨርቁ ያለው በራሱ ቦታ ላይ ሳይሆን ከስፌቱ መስመር ማዶ፣ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ነው። ዓይናችን ግን ጨርቁን ወደፊት ከሚሸፍነው ቦታ ጋር አስተካክሎ ማስቀመጥ ይወዳል። ካሬና ባለ ቀጥታ ማዕዘን ቁራጭ ላይ ይህ ልማድ አይጎዳም። ሹል ሦስት ማዕዘን ላይ ግን ጨርቁ ሲገለበጥ የዝንባሌው ስሕተት እጥፍ ይሆናል፤ በ11 ዲግሪ ያዘነበለ ጠርዝ አጠገብ ጨርቁን በቀጥታ ብናስቀምጠው ከተገለበጠ በኋላ 22 ዲግሪ ተዛንፎ እናገኘዋለን። ጨርቅ በመጨመር ይህንን ማሸነፍ ይቻላል፤ ግን ብዙ ጨርቅ ያባክናል፤ እርስዎም እንዳዩት ሁልጊዜ አይበቃም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከንድፉ አንድ ትርፍ ቅጂ አትሜ የየቁራጩን ቅርጽ በመቀስ እቆርጣለሁ። ጨርቁን ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን ዘርግቼ፣ የተቆረጠውን ወረቀት የታተመው ገጽ ወደ ላይ እንዲሆን እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በዙሪያው አንድ ሳንቲሜትር ጨምሬ እቆርጣለሁ። ሁለቱ ነገሮች፣ ጨርቅ በጀርባው፣ ወረቀት በፊቱ፣ መቀላቀል የለባቸውም፤ ከተቀላቀሉ የሚገኘው የመስታወት ግልባጩ ነው።

ሁለተኛው ነገር አስቀድሞ መከርከም ነው። አዲስ ቁራጭ ከማስገባቴ በፊት ወረቀቱን በሚቀጥለው የስፌት መስመር ላይ ወደ ኋላ አጥፋለሁ፤ ለእጥፉ ቀጥተኛነት ወፍራም ካርድ እጠቀማለሁ። ከእጥፉ አልፎ የሚታየውን ጨርቅ 6 ሚሊሜትር አስቀርቼ እከረክመዋለሁ። ጫፉ ላይ እርከን ያለው ማስመሪያ ካለ እርከኑ እጥፉን ስለሚይዝ ልኩ አይሳትም። አሁን አዲሱ ጨርቅ የት መቀመጥ እንዳለበት መገመት የለብንም፤ የተከረከመው ጠርዝ ይነግረናል። ጠርዝ ከጠርዝ ይገጥማል፤ ወረቀቱ ይዘረጋል፤ ይሰፋል።

ሦስተኛው፣ ከመስፋቴ በፊት በስፌቱ መስመር ላይ ሁለት ስፒል ሰክቼ ጨርቁን እገለብጠዋለሁ፤ ወረቀቱንም ወደ መስኮት አነሣዋለሁ። ብርሃኑ ሲያልፍበት የጨርቁ ጥላ ከታተመው መስመር ምን ያህል እንዳለፈ በግልጽ ይታያል። በሁሉም ወገን 6 ሚሊሜትር ካላለፈ ስፒሉን ነቅዬ አስተካክላለሁ። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በ1.5 ሚሊሜትር የተሰፋን ስፌት መተርተር ግን ሩብ ሰዓት ይወስዳል፤ ወረቀቱንም ይቀደዋል።

አዲስ መርፌ

ይቅርታ፣ እኔ ገና መማር ላይ ነኝ። ትልቁ ጨረር በአንድ ወገን ደማቅ፣ በሌላው ፈዛዛ ከሆነ ስምንቱ ሽብልቆች እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናሉ?

ሰማያዊ ክር

አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አራቱ የሌሎቹ አራት የመስታወት ግልባጭ ናቸው። ንድፉ ሁለት የተለያዩ ገጾች አሉት። ጨርቁ የሚቀመጠው ባልታተመው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ በግራ የተሳለው በጨርቁ ፊት በቀኝ ይወጣል። እኔ በየወረቀቱ ላይ «ደማቅ» እና «ፈዛዛ» ብዬ በእርሳስ ጽፌ ነው ከስሕተት የዳንኩት። በእስክሪብቶ እንዳትጽፉ፤ በካውያው ሙቀት ቀለሙ ወደ ጨርቁ ሊሸጋገር ይችላል።

ድርና ማግ

በቀለም ነገር ከተነሣ፣ ካውያው ያለ እንፋሎት ይሁን። እንፋሎት ወረቀቱን ያኮማትረዋል፤ የተኮማተረ ወረቀት ደግሞ የተሳሳተ ንድፍ ነው። ከታተመው ገጽ በኩል የምንተኩስ ከሆነም ቀለሙ ከካውያው ጋር እንዳይጣበቅ ቁራጭ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይገባል። ብዙ ጊዜ እኔ ካውያ እንኳ አላነሣም፤ ስፌቱን በጥፍሬ ወይም በጠፍጣፋ እንጨት አጥብቄ እገፋዋለሁ፤ ዋናው ነገር ጨርቁ ከስፌቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መተኛቱ ነው። ስፌቱ አጠገብ የአንድ ክር ያህል እጥፋት ከቀረ የሚቀጥለው ቁራጭ ሁሉ በዚያው ልክ ይሸሻል።

ከፈዛዛው ጨርቅ ሥር ደማቁ ትርፍ ጥላ እንዳይጥልም ደማቁን ትርፍ ከፈዛዛው በ2 ሚሊሜትር አሳጥሩት።

ስምንት ማዕዘን

ሰማያዊ ክር እንደገና ስለሚጀምሩ የማጋጠሙን ቅደም ተከተል ልጨምር። ሁለት ሽብልቅ ተጋጥሞ ሩብ ሲሆን ወዲያውኑ በማዕዘናዊ ማስመሪያ ይፈተሽ። ሁለት ሩብ ተጋጥሞ ግማሽ ሲሆን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ፈተና አለ፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው የጠርዝ መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጥታ መስመር መሆን አለበት። ረጅም ማስመሪያ አስጠግታችሁ ብርሃን በመካከሉ የሚያልፍ ከሆነ፣ እዚያው ይታረም። ሁለቱ ግማሾች ከተሰፉ በኋላ ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን ከሦስት ስፌት ውስጥ የትኛው እንደሆነ በዓይን ይታያል።

ወረቀት ያለባቸው ሽብልቆች ይንሸራተታሉ ብለው ነበር። እውነት ነው። መፍትሔው ስፒሉን አጋድሞ ከመሰካት በፊት ቀጥ አድርጎ መውጋት ነው። በላይኛው ሽብልቅ ጫፍ ላይ ያለውን ነጥብ ወግተው፣ ስፒሉ በታችኛው ሽብልቅ ተመሳሳይ ነጥብ እንዲወጣ ያድርጉ። ስፒሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነጥቦቹ ተገናኝተዋል፤ ካጋደለ አልተገናኙም። ይህ ስፒል ቆሞ ሳለ ከግራና ከቀኙ ሌሎች ሁለት ስፒሎችን አጋድመው ይስኩ፤ ከዚያ የቆመውን ይንቀሉት። ቀጥሎ በ4 ሚሊሜትር ጊዜያዊ ስፌት ይስፉ፤ ይክፈቱና ይዩ። ረጅም ስፌት በአንድ መሳብ ይወጣል። ካማረዎት በዚያው መስመር ላይ በአጭሩ ይድገሙት።

የሰፈፍ ቤት

አንድ ገጹ በስስ ፕላስቲክ የተቀባው ወረቀትም መታሰብ አለበት። በካውያ ጨርቁ ላይ ይጣበቃል፤ ስፌቱም በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በእጥፉ ጠርዝ ዳር ስለሚያልፍ በመጨረሻ የሚቀደድ ወረቀት የለም። አንድ ሽብልቅ ተሠርቶ ሲያልቅ ተላጥቶ ለሌላው ያገለግላል። ሆኖም ለዚህ ብሎክ አልመርጠውም። የታተመው መስመር እስከ መጨረሻው መቆየት አለበት ብለን ተስማምተን የለ?

ጥሩ ወልዳ

ስለ ዳሩ እስካሁን አልተነጋገርንም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። ክቡን መደቡ ላይ ስናስገባ ስፌታችን በዙሪያው ሁሉ አንድ ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ቢሸሽ ዙሪያው በ6.3 ሚሊሜትር ይለወጣል። ስለዚህ የእኔ ልማድ መደቡን መጨረሻ ላይ መቁረጥ ነው። ክቡ ካለቀ በኋላ ራዲየሱን በአራት አቅጣጫ እለካለሁ፤ ንድፉ 15 ቢልም ክቡ 14.9 ሆኖ ከወጣ ቀዳዳውን ለ14.9 እቆርጣለሁ፤ ማለትም የስፌቱን 6 ሚሊሜትር ቀንሼ በ14.3 ራዲየስ። ክቡን ከቀዳዳው ጋር ለማስማማት ከመሳብ ቀዳዳውን ከክቡ ጋር ማስማማት ይሻላል።

ሁለቱንም በስምንት ቦታ ምልክት አድርጉባቸው። የቀዳዳውን ጠርዝ በየሁለት ሳንቲሜትሩ 4 ሚሊሜትር ጥልቀት ብቻ ሰንጥቁት፤ ካልተሰነጠቀ አይዘረጋም። ስትሰፉ መደቡ ከላይ፣ ወረቀት ያለበት ክብ ከታች ይሁን። የመኪናው ጥርሶች ወረቀቱን በእኩል ይስቡታል፤ እጃችን ደግሞ ከላይ ያለውን ጨርቅ በየምልክቱ መካከል ያለሰልሳል። በመኪና የማይደፍር ሰው የመደቡን ትርፍ ወደ ውስጥ ተኩሶ በእጅ ስውር ስፌት ቢያያይዘው ውጤቱ ምንም አያንስም፤ እንዲያውም በዚህ መንገድ የተሰፉ ጫፎች ይበልጥ ስለታም ሆነው ይታዩኛል።

ሰማያዊ ክር

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

በዚህ ጊዜ «ትክክለኛ መጠን» የሚለውን መርጬ አተምኩ፤ ካሬው 2.54 ሆነ። ስምንቱንም ገጽ በአንድ ፕሪንተር፣ በአንድ ጊዜ አተምኳቸው። የየቁራጩን ቅርጽ ቀድሜ ስለቆረጥኩ፣ ከ16ቱ የመደብ ቁራጮች የተረተርኩት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ጨርቁን በፊቱ ዘርግቼ ስለቆረጥኩት ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮት የማንሣቱ ፈተና አራት ጊዜ ከመተርተር አድኖኛል፤ ቆጥሬዋለሁ።

ሩቦቹን ስፈትሽ ሦስቱ ከማዕዘናዊው ማስመሪያ ጋር ገጠሙ፤ አራተኛው ዳሩ ላይ 1 ሚሊሜትር ጎድሎ ስለነበር ጊዜያዊ ስፌቱን ስቤ አውጥቼ አረምኩት። ከሁለቱ ግማሾች አንደኛው በማስመሪያው ሥር ምንም ብርሃን አላሳለፈም። የመጨረሻውን ረጅም ስፌት ስሰፋ መጀመሪያ የመሐሉን ነጥብ ወግቼ፣ ከመሐል ወደ አንዱ ዳር፣ ቀጥሎም ከመሐል ወደ ሌላው ዳር ሰፋሁ። ከዚያ ከመሐሉ ላይ ጥፍር የምታህለውን ወረቀት በወረንጦ አነሣሁ፤ በትርፉ ውስጥ ሦስት ስፌት ተረተርኩ፤ ትርፎቹም ጥሩ ወልዳ እንዳሉት ዞረው ተኙ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ተዘርግቶ ተኛ። ክብ ጨርቅ መደረብ አላስፈለገኝም።

ዙሪያው 93.9 ሳንቲሜትር ሆነ፤ ከንድፉ በ3 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ቀዳዳውን በለካሁት ልክ ቆርጬ፣ በመኪና መደቡ ላይ አስገባሁት። አንድም ቦታ አልተሸበሸበም።

ጉድለት አለው። ከስምንቱ ትንንሽ ጨረሮች የአንደኛው ጫፍ በመደቡ ስፌት ውስጥ 1 ሚሊሜትር ያህል ገብቷል፤ ያ ቦታ ከሁለት ምልክቶች መካከል ያለ ሲሆን መደቡን ሳለሰልስ ትንሽ ገፋሁት መሰለኝ።

ስምንት ማዕዘን

እንኳን ደስ አለዎት። ያ ጫፍ የገባበትን ስፌት ተርትረው ሊያርሙት አስበዋል? ከሆነ ሙሉውን ዙሪያ መፍታት አያስፈልግም፤ ከጫፉ ግራና ቀኝ 3 ሳንቲሜትር ቢከፍቱ ይበቃል፤ ወረቀቱ ገና ካልተነሣ ደግሞ መስመሩ እዚያው አለ።

ሰማያዊ ክር

ወረቀቱ አለ። ዛሬ ማታ 6 ሳንቲሜትሩን ከፍቼ፣ መስመሩ ላይ መልሼ እሰፋዋለሁ፤ ወረቀቱን የማነሣው ከዚያ በኋላ ነው።